ሃንስ ሄልማን

ሃንስ ጉስታፍ አዶልፍ ሄልማን (ጥቅምት 3 ቀን 1896 – ግንቦት 21 ቀን 1930 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1903 – ሜይ 29 ቀን 1938) ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅና ከኳንተም ኬሚስትሪ መሥራቾች አንዱ ነበር። ስሙ በተለይ በሁለት ሥራዎች ይታወቃል። አንደኛው በሞለኪውል ውስጥ ያሉ ኃይሎችን ለማስላት የሚያገለግለው የሄልማን–ፋይንማን ቴዎረም ነው። ሁለተኛው ብዙ ኤሌክትሮኖች ያሏቸውን አቶሞች በጥቂት ኤሌክትሮኖች ብቻ ለማስላት የሚያስችለው የሱዶፖቴንሻል ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ የሞገድ ፈንክሽኖች እርስ በርሳቸው ቀጤነክ (ኦርቶጎናል) መሆን አለባቸው የሚለውን አስቸጋሪ የሒሳብ ግዴታ በቀላል ገፊ ኃይል የሚተካ ነው። ሄልማን በናዚ ጀርመን ከሥራው ተባርሮ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተሰደደ፤ እዚያም በስታሊን ዘመን በተካሄደው የጅምላ እስርና ግድያ በ34 ዓመቱ ተገደለ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ሄልማን የተወለደው በሰሜን ጀርመን የባሕር ዳርቻ በምትገኘው የባሕር ኃይል ከተማ በቪልሄልምስሃፈን ነው። አባቱ በጀርመን ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለግል ነበር። ሄልማን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደጨረሰ በ1922 ወደ ሽቱትጋርት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ገባ። መጀመሪያ የመረጠው የኤሌክትሪክ ምሕንድስናን ሲሆን ብዙም ሳይቆይ ወደ ፊዚክስ ተዛወረ።

በተማሪነቱ ዘመን በርሊን በሚገኘው በካይዘር ቪልሄልም የኬሚስትሪ ተቋም፣ በኦቶ ሃን እና በሊዘ ማይትነር ሥር፣ በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች ላይ ሠርቷል። ከዚያም ወደ ሽቱትጋርት ተመልሶ በኤሪክ ሬገነር መሪነት ኦዞን ሲፈራርስ ስለሚፈጠሩ አዮኖች ጥናት አካሄደ፤ በ1929ም የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ይህ ሥራ በላቦራቶሪ የሚከናወን የሙከራ ጥናት ነበር። ሄልማን ወደ ንድፈ ሐሳብ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

ያገባት ሴት ቪክቶሪያ በርንሽታይን የዩክሬን ተወላጅ ስትሆን የዘር ሐረጓ አይሁዳዊ ነበር። አንድ ወንድ ልጅም ነበራቸው። ይህ ጋብቻ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቤተሰቡን ዕጣ ፈንታ የሚወስን ሆነ።

በሀኖቨር

ሄልማን በ1929 በሀኖቨር ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የኤርቪን ፉዌስ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ፉዌስ ቀደም ሲል በዙሪክ የኤርቪን ሽሮዲንገር ረዳት ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ሄልማን አዲሱን የኳንተም መካኒክስ ትምህርት ከምንጩ አጠገብ ከነበረ ሰው የመማር ዕድል አገኘ።

ጊዜው ለዘርፉ አዲስ ነበር። ሽሮዲንገር የሞገድ እኩልታውን ያሳተመው በ1926 ነው። በ1927 ቫልተር ሃይትለርና ፍሪትዝ ሎንዶን ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ለምን እንደሚተሳሰሩ በዚሁ እኩልታ አሳዩ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ፣ ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ላለው ሞለኪውል የሠራው ዘዴ ለሌሎቹ ሞለኪውሎች እንዴት ይሥራ የሚል ነበር።

ሄልማን በ1933 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በኬሚካላዊ ትስስር ውስጥ የኤሌክትሮኖች የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ያለውን ድርሻ መረመረ። ትስስርን በኤሌክትሪክ ሙሎች መሳሳብ ብቻ ማስረዳት እንደማይበቃ አመለከተ። ኤሌክትሮን በአንድ አቶም ዙሪያ ብቻ ታጥሮ ከሚቆይ ይልቅ በሁለት አቶሞች ዙሪያ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው ይቀንሳል፤ ይህም ለትስስሩ ዋና ምክንያት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሐሳብ በ1960ዎቹ በክላውስ ሩደንበርግ ጥናቶች እንደገና ተነሥቶ ሰፊ ትኩረት አግኝቷል።

ከሥራ መባረር

ናዚዎች በጥር 1933 ሥልጣን እንደያዙ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር አይሁዳውያንንና የፖለቲካ ተቃዋሚዎችን ከመንግሥት ሥራ የሚያስወግድ ሕግ አወጡ። ሄልማን ራሱ አይሁዳዊ ባይሆንም ባለቤቱ አይሁዳዊት በመሆኗ በዩኒቨርሲቲ የማስተማር መብት የሚያሰጠውን ማዕረግ ለማግኘት ያደረገው ጥረት ተጨናገፈ። በዓመቱ መጨረሻ የሥራ ስንብት ደረሰው። በ1934 ከባለቤቱና ከልጁ ጋር ወደ ሞስኮ ሄደ፤ በካርፖቭ የፊዚካል ኬሚስትሪ ተቋምም የንድፈ ሐሳብ ክፍል ኃላፊ ሆነ። በዘርፉ ስሙን ያስጠሩት ሥራዎች አብዛኞቹ የተሠሩት በዚህ ተቋም፣ ከአራት ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው።

የሞገድ ፈንክሽኖች ቀጤነክነት

የሄልማንን ዋና ሥራ ለመረዳት ቀጤነክነት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በጂኦሜትሪ ሁለት መስመሮች ቀጤነክ የሚባሉት በ90 ዲግሪ ሲገናኙ ነው። ወደ ሰሜን ብቻ የሚጓዝ ሰው ወደ ምሥራቅ ምንም ያህል አይጠጋም፤ አንደኛው አቅጣጫ በሌላኛው ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም።

ይኸው ሐሳብ ለፈንክሽኖችም ይሠራል። የሁለት ሞገድ ፈንክሽኖች ዋጋ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ይባዛል፤ ከዚያም ብዜቱ በኅዋው ሁሉ ላይ ይደመራል። ይህ ድምር፣ በሒሳብ አጠራሩ ኢንቴግራሉ፣ አዎንታዊውና አሉታዊው ተጣፍቶ ዜሮ ከሆነ ሁለቱ ፈንክሽኖች ቀጤነክ ናቸው ይባላል። ከአንድ የሽሮዲንገር እኩልታ የሚገኙና የተለያየ ኢነርጂ ያላቸው ሁለት መፍትሔዎች ምንጊዜም ቀጤነክ ናቸው። ይህም ከእኩልታው የሒሳብ ጠባይ የሚመነጭ ውጤት ነው።

ቀጤነክነት በአቶም ውስጥ የሚታይ ውጤት አለው። ለኒውክሊየሱ የሚቀርበው የመጀመሪያው ኦርቢታል በኅዋው ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት አለው። ስለዚህ ከእርሱ ጋር ቀጤነክ የሚሆን ሌላ ፈንክሽን የግድ በአንድ ቦታ አዎንታዊ፣ በሌላ ቦታ አሉታዊ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ድምሩ ዜሮ ሊሆን አይችልም። ፖታሲየም 19 ኤሌክትሮኖች አሉት። ከእነዚህ 18ቱ በውስጠኛው ክፍል የተዘጉ ሲሆኑ አንዱ በውጭ ይገኛል። የዚህ የውጭ ኤሌክትሮን ፈንክሽን ከውስጥ ኦርቢታሎች ሁሉ ጋር ቀጤነክ መሆን ስላለበት፣ ከኒውክሊየሱ ወደ ውጭ ሲሄድ ሦስት ጊዜ ምልክቱን ይቀይራል።

ይህ መዋዠቅ ያለ ዋጋ አይመጣም። የሞገድ ፈንክሽን በጠባብ ቦታ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከወጣና ከወረደ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው ከፍ ይላል። ኒውክሊየሱ የውጩን ኤሌክትሮን አጥብቆ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ቀጤነክነቱ የሚያስከትለው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ግን መልሶ ወደ ውጭ የሚገፋው ያህል ይሆናል። ሁለቱ በአብዛኛው ይጣፋሉ። ለዚህም ነው የፖታሲየም የውጭ ኤሌክትሮን በ4.34 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ የሚላቀቀው። የዚሁ አቶም በጣም ውስጠኛ ኤሌክትሮን ግን ለመላቀቅ ወደ 3,600 ኤሌክትሮን ቮልት ይፈልጋል።

ከዚህ ጀርባ ያለው የፓውሊ የማግለል መርሕ ነው። አንድ ዓይነት ስፒን ያላቸው ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ኦርቢታል ሊጋሩ አይችሉም፤ የውስጥ ኦርቢታሎች ደግሞ ቀድሞውኑ ተይዘዋል። ጆን ስሌተር በ1929፣ ቭላዲሚር ፎክ በ1930 ባቀረቧቸው ዘዴዎች ይህ መርሕ በትክክል ተካቷል። ችግሩ የስሌቱ ብዛት ነበር። አንድ ሰው የውስጥ ኤሌክትሮኖችን ትቶ የውጩን ብቻ ለማስላት ቢሞክርና ዝቅተኛውን ኢነርጂ ቢፈልግ፣ ሒሳቡ የቀጤነክነት ግዴታ ስለሌለበት ኤሌክትሮኑን ወደተያዘው የውስጥ ቦታ ይጥለዋል። ውጤቱም ከእውነተኛው በመቶዎች እጥፍ የራቀ ይሆናል። ግዴታውን ለመጠበቅ ከተፈለገ ደግሞ የውስጥ ኦርቢታሎችን ሁሉ ማስላትና በእያንዳንዱ እርምጃ መፈተሽ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ይህ ለከባድ አቶሞችና ለሞለኪውሎቻቸው የማይሞከር ነበር።

የተጣመረው የግምት ዘዴ

ሄልማን በ1935 ለዚህ ችግር መፍትሔ አቀረበ። ሥራውን በአሜሪካ በሚታተመው የኬሚካል ፊዚክስ መጽሔትና በሶቪየት ኅብረት በሚታተም የፊዚካል ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ አወጣ። ዘዴውን የተጣመረ የግምት ዘዴ ብሎ ጠራው። የተጣመረ ያሰኘው ሁለት አቀራረቦችን በአንድ ላይ መጠቀሙ ነው። ለውስጥ ኤሌክትሮኖች ቶማስና ፌርሚ ያወጡትን፣ ኤሌክትሮኖችን እንደ ጋዝ በጅምላ የሚያየውን የስታቲስቲክስ ሞዴል ተጠቀመ። ለውጭ ኤሌክትሮኖች ግን የሽሮዲንገርን እኩልታ እንዳለ ተወው።

የሐሳቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የውስጥ ክፍሉ በኤሌክትሮን የተሞላ ከሆነ፣ ተጨማሪ ኤሌክትሮን ወደዚያ ሲገባ ከፍ ያለ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ እንዲይዝ ይገደዳል። ይህን ተጨማሪ ኢነርጂ በኒውክሊየሱ አካባቢ እንዳለ ገፊ ፖቴንሻል አድርጎ መቁጠር ይቻላል። ስለዚህ የፓውሊን መርሕና የቀጤነክነትን ግዴታ በቃል ከመጠበቅ ይልቅ፣ በእኩልታው ውስጥ አንድ ገፊ ክፍል መጨመር ይበቃል። ከሩቅ ሲታይ ኤሌክትሮኑ አንድ አዎንታዊ ሙል ይስበዋል፤ ወደ ውስጥ ሲቀርብ ግን ገፊው ክፍል እያየለ ይመልሰዋል። ሄልማን ለገፊው ክፍል ቀላል ቅርጽ መረጠ፤ ከኒውክሊየሱ ሲርቅ በኤክስፖኔንሻል ሕግ በፍጥነት የሚጠፋ ሲሆን ሁለት ቋሚ ቁጥሮች ብቻ ነበሩት። እነዚህን ቁጥሮች አቶሙ ከሚያሳየው፣ በሙከራ ከተለካው የብርሃን ስፔክትረም አስተካከለ።

በዚህ መንገድ የተገኘው የውጭ ኤሌክትሮን ፈንክሽን ከውስጥ ሦስት ጊዜ መዋዠቁን ትቶ ለስላሳ ይሆናል። በአቶሙ ውስጠኛ ክፍል እውነተኛውን ፈንክሽን አይመስልም። ኬሚካላዊ ትስስር በሚፈጠርበት በውጭው ክፍል ግን ለሥራ የሚበቃ ነው። ሄልማን ዘዴውን በፖታሲየም ላይ ሞከረ፤ 19 ኤሌክትሮን ያለው አቶም እንደ ሃይድሮጅን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ እንዳለው ሆኖ ተሰላ። ሁለት የፖታሲየም አቶሞች የሚሠሩት ሞለኪውልም በ38 ኤሌክትሮን ፋንታ በሁለት ኤሌክትሮን ችግርነት ቀረበ። በ1936 ደግሞ ከሥራ ባልደረባው ከካሳቶችኪን ጋር ዘዴውን ወደ ብረት አስተኔዎች ትስስር አስፋፋው። በዚያው ጊዜ በሀንጋሪ ፓል ጎምባስም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራ ነበር።

መጽሐፉ

ሄልማን ስለ ዘርፉ የተሟላ መማሪያ መጽሐፍ ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት አንዱ ነው። በ1937 ኳንተም ኬሚስትሪ የተባለው መጽሐፉ በሩሲያኛ በሞስኮ ታተመ። በዚያው ዓመት አጠር ያለው የጀርመንኛ ቅጂ፣ ለኳንተም ኬሚስትሪ መግቢያ በሚል ርእስ፣ በላይፕዚግና በቪየና ወጣ። መጽሐፉ ከመሠረታዊ የኳንተም መካኒክስ ተነሥቶ እስከ ኬሚካላዊ ትስስርና የአቶሞች መሳሳብ ድረስ የሚሄድ ነው። የቀጤነክነት ጉዳይና የተጣመረው የግምት ዘዴም በውስጡ ተብራርተዋል።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ዛሬ የሄልማን–ፋይንማን ቴዎረም የሚባለው ውጤት ይገኛል። ቴዎረሙ እንደሚለው፣ የአንድ ሥርዓት ትክክለኛ የሞገድ ፈንክሽን ከታወቀ፣ በአንድ ኒውክሊየስ ላይ የሚያርፈው ኃይል በተራ የኤሌክትሪክ ሕግ ሊሰላ ይችላል። የሚያስፈልገው የኤሌክትሮኖቹን ደመና ስርጭትና የሌሎቹን ኒውክሊየሶች ቦታ ማወቅ ነው። የፈንክሽኑን ለውጥ ለብቻ ማስላት አያስፈልግም። ሪቻርድ ፋይንማን በ1939፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለ፣ ይህንኑ ውጤት ራሱን ችሎ ደረሰበትና አሳተመ። በዚያ ጊዜ ሄልማን በሕይወት አልነበረም።

እስርና ሞት

የሄልማን መጽሐፍ በታተመበት በ1937 በሶቪየት ኅብረት ታላቁ ሽብር ተብሎ የሚታወቀው የጅምላ እስርና ግድያ ተጧጡፎ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የአገር ውስጥ ጉዳይ ኮሚሳሪያት በጀርመናውያን ላይ ያነጣጠረ ልዩ ትእዛዝ አወጣ። ከናዚዎች ሸሽተው የመጡ ስደተኞች ሳይቀሩ በሰላይነት ተጠረጠሩ። ባለቤቱ አይሁዳዊት በመሆኗ ጀርመን ያባረረችው ሄልማን፣ በሞስኮ ጀርመናዊ በመሆኑ ተፈላጊ ሆነ።

በማርች 1938፣ በ9ኛው ቀን ለ10ኛው አጥቢያ፣ ሌሊት ላይ ታሰረ። ለጀርመን ሰልሏል የሚል ክስ ቀረበበት፤ በሜይ 29 ቀንም በጥይት ተገደለ። ከታሰረበት ሌሊት እስከ ተገደለበት ቀን ሦስት ወር አልሞላም። ባለቤቱና ትንሹ ልጁ ያለ እርሱ በሶቪየት ኅብረት ቀሩ። የሞት ፍርዱ የተሻረውና ንጹሕነቱ በይፋ የታወቀው ከስታሊን ሞት በኋላ ነው።

ከሞቱ በኋላ የሥራው ዕጣ

ሄልማን ከተገደለ በኋላ በሶቪየት ኅብረት ስሙን ማንሣት አደገኛ ነበር። በጀርመንም ቢሆን የተባረረ ሰው በመሆኑ የሚያስታውሰው ጥቂት ነበር። መጽሐፉ ግን መንገዱን ቀጠለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1944፣ የጀርመንኛው ቅጂ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት በአን አርበር ከተማ በድጋሚ ታተመ።

ሐሳቡም በሌሎች እጅ አደገ። በ1940 ኮንየርስ ሄሪንግ፣ በጠጣር ነገሮች ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችን ከውስጥ ኦርቢታሎች ጋር ቀጤነክ በተደረጉ ሞገዶች የሚያሰላ ዘዴ አቀረበ። በ1959 ጄምስ ፊሊፕስና ሌናርድ ክላይንማን፣ የቀጤነክነቱን ግዴታ ከእኩልታው ውስጥ ወስዶ በትክክለኛ የሒሳብ እርምጃ ወደ ገፊ ፖቴንሻል መለወጥ እንደሚቻል አሳዩ። ሄልማን ከ24 ዓመት በፊት በስታቲስቲክስ ሞዴል ተመርቶ የደረሰበት ሐሳብ በዚህ ጽኑ የሒሳብ መሠረት አገኘ።

ዛሬ ሱዶፖቴንሻል በኬሚስትሪም ሆነ በጠጣር ነገሮች ፊዚክስ የዕለት ተዕለት መሣሪያ ነው። ሲሊከን 14 ኤሌክትሮኖች ቢኖሩትም በአብዛኛው የሚሰላው በ4ቱ የውጭ ኤሌክትሮኖች ብቻ ነው። 79 ኤሌክትሮኖች ያሉት ወርቅም 60ዎቹ በሱዶፖቴንሻል ተተክተው በ19 ሊሰላ ይችላል። ለከባድ አቶሞች በስፋት ከሚያገለግሉት ሱዶፖቴንሻሎች መካከል የተወሰኑት የተዘጋጁት ሄልማን ራሱ በተማረበት በሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ ነው።

ልጁ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጀርመን ከተመለሰ በኋላ የቤተሰቡ ታሪክ ለተመራማሪዎች ተከፈተ። በ1999 የጀርመንና የሩሲያ ሊቃውንት ከልጁ ጋር ሆነው የሄልማንን የሕይወት ታሪክ በቡንዘን ማጋዚን አሳተሙ። ከዚያው ጊዜ ጀምሮ በንድፈ ሐሳብ ኬሚስትሪ ለሚሠሩ ወጣት ተመራማሪዎች በስሙ የተሰየመ ሽልማት በጀርመን ይሰጣል። በ2015 ደግሞ የጀርመንኛ መጽሐፉ ከሌሎች ጽሑፎቹ ጋር በአዲስ መልክ ታትሟል።